መልስ፦ ከቦነስ ላይ የጡረታ ቁጠባ ይቆረጣል?

ወንድሜ፣ የአሜሪካ መንግሥት ኮንትራት ባለው ድርጅት እየሠራህ ከቦነስህ ላይ ለ401ኬ (በአሠሪ በኩል ከደመወዝ እየተቆረጠ ለሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ለምን እንዳልተቆረጠ ጠይቀሃል። መልሱ ያለው በኮንትራቱ ሳይሆን በጡረታ ዕቅዱ ሰነድ ውስጥ ነው። ሰነዱ ለደመወዝ የሰጠው ትርጉም ቦነስን ካላስቀረ፣ ዕቅዱም ለቦነስ የተለየ ምርጫ ካልጠየቀ፣ የመረጥከው መቶኛ ከእርሱም መቆረጥ ነበረበት። ካልተቆረጠ ስሕተቱ የአሠሪው ነው፤ በአብዛኛው ካመለጠህ ቁጠባ 50 በመቶውን ከራሱ ኪስ፣ ድርጅቱ በቁጠባህ ላይ ይጨምር የነበረውን ድርሻ ደግሞ ሙሉውን ከነትርፉ ይተካል። ስሕተቱ ቶሎ ከታረመ 50 በመቶው ሊቀንስ ይችላል። ሰነዱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ እኔ በቃል ጠይቄ ስንት ወር ተመላልሻለሁ! እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው የአገልግሎት ኮንትራት ሕግ (በመንግሥት የአገልግሎት ኮንትራት የሚሠሩ ሠራተኞችን ክፍያና ጥቅም በሚወስነው ሕግ) የሚከፈለው ጥቅማ ጥቅም ግን በሰዓት ስለሚሰላ ቦነስ አያሳድገውም።