ከሐዋሳ ወጣ ብሎ የሲዳማን ገጠር ለማየት

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የሐዋሳ ነዋሪ ስሆን በመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቼ ቆጮን ከገበያ ተገዝቶ ሲመጣ እንጂ እንሰት ሲፋቅ አይተው አያውቁም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በይርጋለም አቅራቢያ በሚገኘው የትውልድ ቀበሌው፣ ወላጆቹ ቤት እንድናርፍ ጋብዞናል። በኅዳር ወር ሁለት ቀን ያለን ሲሆን፣ እግራቸውን የሚያማቸው እናቴም አብረውን ይሄዳሉ። በእነዚህ ሁለት ቀናት መንደሩን፣ ፍል ውሃውን፣ ከተቻለም እስከ ዲላ ያለውን ሁሉ ማየት እንችላለን? ለባለቤቶቹ ገንዘብ ብንሰጥስ ነውር ይሆንብናል?

ወ/ሮ ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኅዳርን መምረጥዎ መልካም ነው፤ በዚህ ወር በሲዳማ ወይና ደጋ የቡና ለቀማው ይደራል፣ የቀበሌ መንገዱም ከክረምቱ ጭቃ ይላቀቃል። ዲላን ግን ከዕቅድዎ እንዲያወጡት አጥብቄ እመክራለሁ። ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ከመራቁም በላይ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ ራሱን የቻለ ጉዞ የሚገባው እንጂ በችኮላ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ሁለት ቀን ለአንድ መንደርና ለዙሪያው ቢውል ነው ልጆችዎ አንድ ነገር ይዘው የሚመለሱት።

መንገዱ ቀላል ነው። በዲላው መስመር እስከ አፖስቶ ሄደው ወደ ይርጋለም ይገነጠላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ባልደረባዎ ያውቀዋል። እናትዎ ረጅም መንገድ በእግር እንዳይሄዱ ባጃጅ እስከ ግቢው ድረስ ይገባ እንደሆነ ብቻ አስቀድመው ይጠይቁት።

የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ በሙሉ ለመንደሩ ይስጡት፤ በተቻለ መጠንም ማለዳ ይድረሱ። በሲዳማ ገጠር እንሰቱ ከቤቱ ጓሮ፣ ቡናውም ከእንሰቱ መካከል ስለሚተከል፣ ቤተሰቡ የሚበላውና የሚሸጠው በአንድ ግቢ ውስጥ ይታያል። የከብቶቹ ፍግ ወደ እንሰቱ ሥር ስለሚወሰድ፣ ከብት የሌለው ቤት እንሰቱ ከስቶ ያስታውቃል። አንድ እንሰት እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት እንደሚፈጅ ለልጆችዎ ይንገሯቸው፤ የ9 ዓመቱ ልጅዎ ከፊቱ ያለው ተክል የእርሱን ዕድሜ ሊስተካከል ጥቂት እንደቀረው ሲሰማ፣ ቆጮው ከዚያ በኋላ በተለየ ዓይን ይታየዋል።

እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው። ሴቲቱ የግንዱን ቅርፊት በተጋደመ ሳንቃ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ስትስበው፣ ነጩ ሥጋ ከሥር ይከማቻል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። ከሚንጠባጠበው ፈሳሽ የሚረጋው ቡላ ይሆናል። ቆጮ የሚሆነው የተፋቀው ክፍል ከተከተፈው አሚቾ (የእንሰቱ ሥር) ጋር ተደባልቆ፣ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተቀብሮ ይብላላል። ሽታው ለከተማ ልጅ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል፣ በሰው ቤት አፍንጫቸውን እንዳይዙ አስቀድመው ይምከሯቸው። ከብዙ ዓመት በፊት አብሬያቸው የሄድኩ ሰዎች አንዲት እናት እጃቸው በእንሰት ጭማቂ እንደራሰ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ፎቶ ሲያነሷቸው፣ ሴትዮዋ ምንም ሳይናገሩ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሥራቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ስልክዎን በቦርሳዎ ይተዉት፤ ሰላም ብለው፣ ተቀምጠው፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ፈቃድ ይጠይቁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጎራ ማለት ይቻል እንደሆነ ባልደረባዎ ያጣራልዎት። ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ተፈልፍሎ፣ ውሃ ውስጥ አድሮና ታጥቦ፣ ከመሬት ከፍ ባሉ የማድረቂያ አልጋዎች ላይ ይሰጣል፤ ሴቶችም ከዳርና ከዳር ቆመው ጉድለት ያለበትን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ይህን ማየት ካልተቻለም፣ በየደጁ ከነገለባው የተሰጣው ቡና፣ ጀንፈሉ፣ አያመልጥዎትም።

ገንዘብን በተመለከተ የጠየቁት ቁም ነገር ነው። ባልደረባዎ የጋበዘዎት እንደ ዘመድ በመሆኑ፣ ለወላጆቹ ብር ቆጥሮ መስጠት ቅር ያሰኛቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ስኳር፣ ዳቦ፣ ሳሙናና ለአባትየው አንድ ጋቢ ይዘው ቢገቡ ግን ያስከብርዎታል። መንገድ ለሚመራዎት ወጣት ወይም ፈረስ ለሚያከራይዎት ሰው ደግሞ ዋጋውን ከመነሻው ተስማምተው ይክፈሉ፤ የድካም ዋጋ ነውና ነውር የለበትም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላ በዓል፣ በአፈ ታሪኩ መሠረት መታሰቢያነቱ በየዓመቱ ቡርሳሜ (ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ምግብ) ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ለነበረች አንዲት ያገባች ሴት ነው፤ ያመጣችውንም ጎረቤት ሁሉ ይካፈለው ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር የእንግድነት ወጉ ምግብ ይዞ መምጣትና አብሮ መብላት ነው። «ዳኤ ቡሹ» ብለው ሲቀበሉዎት እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው፤ በቅቤ የራሰው ቡርሳሜ በሻፌታ፣ በሸክላው ገበታ፣ ሲቀርብም ጥቂትም ቢሆን ይቅመሱ፣ ልጆችዎም ይቅመሱ።

በሁለተኛው ቀን በይርጋለም አካባቢ ወዳለው የጊዳቦ ፍል ውሃ ይሂዱ፤ እናትዎ እግራቸውን ይዘፈዝፉበታል። የዋና ከተማነቱን ቦታ ለሐዋሳ እስክትለቅ ድረስ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረችውን ይርጋለምን በእግር መዞር ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድብዎትም። ጉልበት ከተረፋችሁ በሲዳማ የቤት አሠራር ከቀርከሃ የተሠሩ ጎጆዎች ባሉት በአረጋሽ ሎጅ ሻይ ጠጥታችሁ ዛፎቹን መቃኘት ትችላላችሁ፤ ጅብ ሲመገብ ለማየት የሚፈልግ ግን እዚያው ማምሸት ስላለበት፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ወደ ሐዋሳ በሌሊት ከመመለስ ይህን መተዉ ይሻላል። ለፍል ውሃው ቅያሪ ልብስ፣ ለጓሮው ደግሞ ቆሻሻ የማይጎዳው ጫማ መያዝዎን አይርሱ።