በሲምፓይ እንጀራ ይወጣል?

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነሽ። መጀመሪያ አሳይመንት ለመሥራት ብለሽ ሲምፓይን ከፈትሽ፤ ሒሳብን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በምልክት የሚሠራውን ነፃ የፓይተን ፕሮግራም። ከዚያ ኢንተግራሉን እንዴት እንደሚፈታው ለማየት የውስጡን ኮድ ማንበብ ጀመርሽ። አሁን አሳይመንቱን ትተሽ ኮዱ ውስጥ ታመሻለሽ። ጓደኛሽ ደግሞ «ይሄ ጨዋታ ነው፤ ወይ ዌብ ተማሪ ወይ ዳታ ሳይንስ ግቢ» አለችሽ። የጠየቅሽኝም ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በዚህ ሙያ ሥራ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ «ጎበዝ ፕሮግራመር አይደለሁም፤ የሚቀበሉኝ ይመስልዎታል?»

የማያስደስትሽን ላስቀድም። እንደ ሲምፓይ በምልክት የሚያሰላ ፕሮግራም መሥራት «ኮምፒውተር አልጀብራ» ይባላል፤ «የኮምፒውተር አልጀብራ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ግን ብርቅ ነው። በቀጥታ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፍሉት እንደ ማቲማቲካና ሜፕል ያሉትን የሒሳብ ፕሮግራሞች የሚሸጡ ጥቂት ኩባንያዎችና አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድኖች ናቸው። ኦፕን ሶርሱን (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን) የሚሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደመወዛቸው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ገንዘብ ሲገኝም በፕሮጀክት ነው የሚገኘው። ለምሳሌ ኦፕንድሪምኪት የሚባለው ፕሮጀክት በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሴጅን፣ ጋፕን፣ ፓሪንና ሲንጉላርን የመሳሰሉ ነፃ የሒሳብ ፕሮግራሞችን ደግፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ በ2019 አለቀ። ኮንትራቱ ሲያልቅ ሰውም ወደየሥራው ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም።

የተሳሳተችው «ጨዋታ» ያለችው ላይ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። ሲምፓይ ላይ ኤክስን በምልክትነት ፍጠሪና የኤክስ ስኩዌርን ካሬ ሥር ጠይቂው። «ኤክስ» ብሎ ይመልሳል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አይመልስም። የጠየቅሽውን እንዳለ መልሶ ይሰጥሻል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ «ይሄ ነገር አይሠራም እንዴ?» ይላል። ግን ኤክስ ኔጋቲቭ ሦስት ቢሆንስ? ስኩዌሩ ዘጠኝ ነው፣ የዘጠኝ ሥር ደግሞ ሦስት። የጀመርሽበት ቁጥር ጠፋ ማለት ነው። ኤክስ ሪል ቁጥር ነው ብለሽ ከነገርሽው መልሱ «አብሶሉት ቫሊዩ ኤክስ» ይሆናል። ፖዘቲቭ ነው ካልሽው ያኔ ገና «ኤክስ» ይልሻል። ምንም ካልነገርሽው ግን ኮምፕሌክስም ሊሆን ይችላል ብሎ ዝም ይላል። ያልተነገረውን አይገምትም።

አንቺ ኮዱን ስታነቢ የምታመሺው ይሄን አስተሳሰብ እየተማርሽ ነው። «ይህ እኩልታ መቼ ነው እውነት የሚሆነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ብዙ ቦታ ይፈለጋል። የማስታወቂያው ስም ነው የሚለየው። ሮቦት የሚሠሩ መሐንዲሶች የክንዱን የእንቅስቃሴ እኩልታ በእጅ ቢጽፉት ገጽ በገጽ ይሆንባቸዋል፤ መገጣጠሚያ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ይባስ ይረዝማል። ስለዚህ በምልክት ያወጡትና ፕሮግራሙ ራሱ ሲ በሚባለው ቋንቋ ወደተጻፈ ኮድ እንዲቀይረው ያደርጋሉ። ሲምፓይ ይህን የሚሠራ ክፍል አለው። ክሪፕቶግራፊ (መልእክትን በምስጢር የመቆለፍ ጥበብ) የሚያጠኑ ሰዎች ኤሊፕቲክ ከርቭ በሚባሉት የሒሳብ ኩርባዎች ላይ ያሰቡትን በሴጅ ወይም በፓሪ ይሞክራሉ። ኮምፓይለር (ኮድን ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው በዛፍ ቅርጽ የተቀመጠን ኮድ ትርጉሙን ሳይለውጥ ወደ ቀለለ ዛፍ መቀየር ነው፤ ሲምፓይ አንድን አገላለጽ ሲያቀልል የሚሠራው ሥራም የዚሁ ዘመድ ነው። ሥራ ስትፈልጊ «ኮምፒውተር አልጀብራ» ብለሽ አትፈልጊ። «ሳይንቲፊክ ሶፍትዌር»፣ «ሮቦቲክስ»፣ «ኮምፓይለር»፣ «ክሪፕቶግራፊ» ብለሽ ፈልጊ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። አሮን ሞረር የሚባል ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተማሪ እያለ በጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጉግል እየከፈለ ጀማሪዎችን ኦፕን ሶርስ ላይ የሚያሠራበት ፕሮግራም) በኩል ወደ ሲምፓይ ገባና በዲፈረንሻል እኩልታ መፍቻው ላይ ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ኢንተግራል ላይ ተመለሰ። በ2011 መጀመሪያ ላይ የፕሮጀክቱ መሥራች ኦንድሬይ ቼርቲክ መሪነቱን ለእሱ አስረከበው። ሁሉም ሰው እንዲህ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም፤ አይሆንም። ግን መግቢያው በር የትኛው እንደሆነ ያሳይሻል። ሰውየው የገባው የሒሳብ ጥያቄ ይዞ ነው።

ሰመር ኦፍ ኮድ ከ2022 ጀምሮ ለተማሪ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ስለዚህ ብትመረቂም አያመልጥሽም። ሲምፓይ በዚህ በኩል ሲሳተፍ ግን አመልካቹን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ለመመረጥ ቢያንስ አንድ ማስተካከያሽ ተቀባይነት አግኝቶ ኮዱ ውስጥ መግባት አለበት። ማመልከቻው ሲከፈት መሯሯጥ አያዋጣም። አሁኑኑ ጀምሪ።

እንዴት? የሲምፓይ ኮድ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ፣ ክፍት ከሆኑት የስህተት ሪፖርቶች አንዱን ምረጪ። ትልቁን አትንኪ። ለምሳሌ አንድ ሊሚት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል የሚል። መጀመሪያ ስህተቱን ራስሽ ኮምፒውተር ላይ ድገሚው። ቀጥለሽ ትክክለኛውን መልስ በወረቀት አውጪ። እዚህ ጋ ነው ከብዙ ፕሮግራመር የምትሻዪው፤ አንቺ መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ ማስረዳት ትችያለሽ። ከዚያ ያንን መልስ የሚጠብቅ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ አጭር ኮድ) ጻፊ። ቴስቱ መጀመሪያ ይወድቃል፤ መውደቅም አለበት። አሁን ኮዱን አስተካክዪ። ሁለት መስመር ብቻ ልትቀይሪ ትችያለሽ፤ ለእሱም ሳምንት ሊፈጅብሽ ይችላል። አያሳፍርም።

ፑል ሪኩዌስቱን፣ ማለትም «ማስተካከያዬን ተቀበሉኝ» የሚለውን ጥያቄ፣ ስትልኪ ምስጋና አትጠብቂ። ምናልባት የሚመጣው «ኤክስ ዜሮ ሲሆንስ?» የሚል አንድ መስመር ይሆናል። ሰው ይሄን እንደ ስድብ ይወስደዋል። እኔ ግን በነፃ የሚገኝ ምርጥ ትምህርት ነው የምለው፤ የትኛውም መምህር ኮድሽን መስመር በመስመር አያነብልሽም። (ቻትጂፒቲ የጻፈልሽን ሳታነቢ ግን እንዳትልኪ። ያስታውቃል፤ የሰውንም ጊዜ ይበላል።)

የትኛውን ፕሮጀክት ልምረጥ ብለሽ ብዙ አትጨነቂ። ፓይተን የምትችዪ ከሆነ ሲምፓይ ይበቃል። ግሩፕ ቲዎሪ የሚባለውን የአልጀብራ ዘርፍ ከወደድሽ በጀርመኗ አኸን ከተማ በ1986 የተጀመረው ጋፕ አለ። ማክሲማ በ1968 ኤምአይቲ ውስጥ ከተጀመረ ሥራ የወረደ አንጋፋ ነው፤ የተጻፈው ግን ሊስፕ በሚባል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ለመጀመሪያ አልመክርሽም። ኮዳቸውን ለመጠቀም የሚሰጡት ፈቃድም ይለያያል። የሲምፓይ ቢኤስዲ ነው፤ ኩባንያዎች በራሳቸው ዝግ ምርት ውስጥ ሊያስገቡት ይችላሉ። የማክሲማና የሴጅ ጂፒኤል ነው፤ ከእሱ ወስዶ ምርት የሚያከፋፍል የራሱንም ኮድ በዚያው ፈቃድ መክፈት ይጠበቅበታል። ይሄን ልዩነት በቃለ መጠይቅ ላይ በሁለት አረፍተ ነገር ማስረዳት ከቻልሽ ጥሩ ነጥብ ይያዝልሻል።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ፓይተን፣ ሲ፣ ማትላብ፣ ጃቫ» ብለሽ አትደርድሪ። እንዲህ ያለ ሲቪ ስንቱን አይቻለሁ፤ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም። «ይህን ሊሚት አስተካከልኩ» የሚል አንድ መስመርና ውይይቱን የሚያሳይ ሊንክ አስቀምጪ። ቀጣሪው ከፍቶ እንዴት እንደተከራከርሽ፣ ስትሳሳቺም እንዴት እንደተቀበልሽ ያነባል።

የጓደኛሽንም ምክር አትጣዪው። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ የአልጎሪዝም ኮርስና አንድ የዳታቤዝ ኮርስ ውሰጂ፤ ሲምፓዩን ሳትተዪ። የመጀመሪያው ፑል ሪኩዌስትሽ ላይ የሚጻፍልሽን አስተያየት ደግሞ ላኪልኝ። ከከበደሽ አብረን እናየዋለን።