መልስ፦ በጽሑፍ የተቀመጠ የኢትዮጵያ ቀን ወደ ዴት ሲቀየር

ወንድሜ፣ የሽያጭ ቀኖቹ ለምን ተዛብተው እንደሚደረደሩና ዓምዱን እንዴት ወደ ዴት (ቀን ወደሚይዝ የዓምድ ዓይነት) እንደምትቀይር ጠይቀሃል። በሐዋሳው ሱቅ የሽያጭ ሠንጠረዥ ቀኑ በቫርቻር (ጽሑፍ በሚይዝ የዓምድ ዓይነት) ተይዞ ሲደረደር "10/1/2016" ከ"9/1/2016" የቀደመብህ ጽሑፍ ከግራ ጀምሮ ፊደል በፊደል ስለሚወዳደር ነው። ዓምዱን ግን በቀጥታ ወደ ዴት እንዳትቀይረው! ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ስለሆኑ፣ ቀን/ወር/ዓመት ተብለው ሲነበቡ "30/2/2016" (ጥቅምት 30) እና ጳጉሜን ስህተት ይሰጡሃል። የሚያስፈራው ሳይጮህ የሚያልፈው ነው፦ "1/1/2016" መስከረም 1 መሆኑ ቀርቶ ጃንዋሪ 1 ሆኖ ይገባል።

አሮጌውን ሳትነካ አዲስ የዴት ዓምድ ጨምር። መጀመሪያ ባዶ ቦታና "ዓ.ም" የተጨመረባቸውን ረድፎች አጽዳ። ከዚያ ጽሑፉን በ"/" ወደ ቀን፣ ወርና ዓመት ከፍለህ እንዲህ አስላ፦

ዓመት×365 + ዓመት÷4 (ክፍልፋዩ ይጣል) + ወር×30 + ቀን + 1723825

ውጤቱ የጁሊያን ቀን ቁጥር (ቀኖችን ከጥንት መነሻ ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር) ነው፤ በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቱ_ዴት (to_date) የተባለው ተግባር በ"ጄ" (J) ፎርማት ተቀብሎ ወደ ቀን ይቀይረዋል። ለ1/1/2016 2460200፣ ማለትም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 መውጣት አለበት።