መታወቂያዬ ከፊልሙ ጋር አብሮ ወጣ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ነገር ያወራሉ። ከኮዬ ፈጬ፣ ከለገጣፎና ከሰበታ የተላኩ ሲሆኑ የሦስቱም ጉዳይ የፊልም ሥራ ቤት ኮምፒውተር ሀክ ተደርጎ የወጣ መረጃ ነው። የጸሐፊዎቹንና የድርጅቶቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ አካባቢ በአንድ ቪላ ቤት ውስጥ በተከፈተ የፊልም ስቱዲዮ ለሁለት ዓመት በሜካፕ ባለሙያነት ሠርቼ ባለፈው ዓመት ለቅቄያለሁ። ሥራ ስጀምር መታወቂያዬንና የባንክ ደብተሬን በስልክ ፎቶ አንስተው ከውሌ ጋር ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ «የሁሉም መታወቂያ» በሚል ፎልደር ውስጥ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ፤ የኮምፒውተሩም ፓስወርድ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ስቱዲዮው ሀክ ተደርጎ ገና ያልታየው ፊልም በቴሌግራም ሲሰራጭ ያ ፎልደርም አብሮ ወጣ። በሥራ ላይ ያሉትን ሰብስበው ነገሯቸው፤ ለለቀቅነው ግን ማንም ምንም አላለንም፤ እኔም የሰማሁት ከጓደኛዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው ከባንክ ነው የምደውለው ብሎ ስሜን እስከ አያቴ ጠራ፤ የመጨረሻ ክፍያዬን 18,500 ብርን ሳይቀር ከነገረኝ በኋላ «ሂሳብዎ እንዳይታገድ አሁን በመልእክት የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» አለኝ። ታክሲ መጥቶ ሰው ሲገፋኝ ስልኩን ዘጋሁት እንጂ ላነብለት ነበር። ከለቀቅሁ በኋላ ይህ እንዴት እኔን ነካኝ? ሂሳቤንስ ልዝጋ? ስቱዲዮው ሊነግረኝ አይገባም ነበር?

መልስ፦ እህታችን፣ ያ ታክሲ ባለውለታዎ ነው።

ከለቀቅሁ በኋላ እንዴት ነካኝ ላሉት፣ ይህ በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ሶኒ ፒክቸርስ የተባለው ትልቅ የፊልም ድርጅት ሠራተኞች አሜሪካ ውስጥ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ የጠበቃቸው የራስ ቅል ሥዕልና ማስፈራሪያ ነበር። ሰርጎ ገቦቹ መረጃውን ከቀዱ በኋላ ኮምፒውተሮቹን ስላጠፏቸው፣ ያ ግዙፍ ድርጅት ወደ ወረቀትና ብዕር ተመልሶ፣ ደመወዝ በወረቀት ቼክ እየከፈለ፣ ከመጋዘን ያወጣቸውን አሮጌ ብላክቤሪ ስልኮች እያደለ ለመሥራት ተገደደ። ዓለም ግን የተጠመደው በሌላ ወሬ ነበር፤ ሶኒ ስለ ሰሜን ኮሪያው መሪ የሠራው አስቂኝ ፊልም ይታያል አይታይም፣ ኤፍ.ቢ.አይ. «ሰሜን ኮሪያ ናት» ሲል እርሷ «አይደለሁም» ማለቷ፣ የትኛው ኃላፊ በኢሜይል ማንን አማ የሚለው። በዚህ ጫጫታ መካከል የ47 ሺህ ያህል ሰዎች የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር፣ ማለትም በዚያ አገር ለሥራም ለብድርም የሚጠየቀው መለያ፣ አደባባይ መውጣቱ እንደ ተራ ነገር ታለፈ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል እንደ እርስዎ ሥራውን ከለቀቁ የቆዩ ብዙ ነበሩ። ፋይሎቹን የመረመሩ ባለሙያዎች እነዚያ ቁጥሮች ከ600 በላይ በሆኑ ፋይሎች ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተደጋግመው አግኝተዋቸዋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የሰጠው ቁጥር በየቢሮው እየተገለበጠ ሲቀመጥ ሰውየው ቢወጣም ቁጥሩ አይወጣም። የእርስዎ ስቱዲዮ ፎልደር የዚያው ታናሽ ወንድም ነው።

የቀድሞ ሠራተኞቹ ድርጅቱን ከሰው በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ጉዳዩ ተቋጨ፤ በማንነት ስርቆት ለከሰረ ሰው እስከ 10 ሺህ ዶላር ይከፈል ተባለ። እኔን የሚገርመኝ አብረው ለተሰረቁት ፊልሞች የታዘነውን ያህል ለእነዚህ ሰዎች አለመታዘኑ ነው። የተሰረቀ ፊልም ሲኒማ ቤት በገባ ማግስት ምስጢርነቱ ያበቃል፤ የእርስዎ የትውልድ ዘመንና የአያትዎ ስም ግን ከአሥር ዓመት በኋላም ያው ነው፣ ለአጭበርባሪም ያኔም ይጠቅማል።

ወደ ሂሳብዎ ስንመጣ፣ መዝጋት ግድ አይደለም። የሂሳብ ቁጥር ብቻውን ገንዘብ ለማስገባት እንጂ ለማውጣት አያገለግልም። አደጋው ውሸቱን እውነት ማስመሰሉ ነው፤ 18,500 ብር የሚለውን የሰማ ሰው «ይህንን ባንክ ካልሆነ ማን ያውቃል?» ማለቱ አይቀርም፣ እርስዎም ያሉት ይህንኑ ይመስለኛል። በመልእክት የመጣልዎት ቁጥር ግን የሂሳብዎ በር ቁልፍ ነው፤ የባንክ ሠራተኛ አይጠይቀውም፤ የጠየቀ ሰው፣ ስምዎን እስከ ቅድመ አያትዎ ቢጠራ እንኳ፣ ሌባ ነው። ነገ ጠዋት መታወቂያዎን ይዘው ወደ ቅርንጫፉ በአካል ይሂዱና የሆነውን ይንገሯቸው፤ የሞባይል ባንኪንግና የቴሌብር የሚስጥር ቁጥርዎን ይለውጡ፤ የሚስጥር ቁጥርዎ የትውልድ ዘመንዎ ከሆነ ደግሞ ነገን አይጠብቁ፣ ምክንያቱም ዘመኑ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ወጥቷል። ስልክዎ ያለ ምክንያት ኔትወርክ አጥቶ ከቆየ አንድ ሰው በመታወቂያዎ ኮፒ «ሲም ካርዴ ጠፋብኝ» ብሎ ቁጥርዎን አውጥቶ ሊሆን ይችላልና ሳይውሉ ሳያድሩ የቴሌኮም አገልግሎት መስጫ ማዕከል ይሂዱ።

የቀበሌ መታወቂያ ጊዜው ሲያልፍ ይታደሳል፤ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ግን የዕድሜ ልክ ቁጥር ነው፤ የትኛው እንደወጣ ለይተው ይወቁ። ለፖሊስም ያመልክቱና ማመልከቻዎ ስለመቅረቡ ማስረጃ ይያዙ፤ ነገ በስምዎ ዋስ ሆነዋል ወይም ተበድረዋል የሚል ነገር ቢመጣ የማመልከቻው ቀን ይሟገትልዎታል። ከእንግዲህ ለማንም የመታወቂያ ኮፒ ሲሰጡ በኮፒው መሐል ላይ በሰያፍ «ለእገሌ ድርጅት የሥራ ውል ብቻ» ብለው ከነቀኑ ይጻፉበት። አንዳንድ ጸሐፊዎች ኮፒው ተበላሸ ብለው ያኮርፋሉ፤ ያኩርፉ።

ስቱዲዮው ሊነግርዎት ይገባ ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃው ሲጣስ ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን፣ እንዲያሳውቅ ያዛል፤ በባለመረጃው ላይ ከፍ ያለ ጉዳት የሚያሰጋ ሲሆንም ለራሱ ለሰውየው መንገር ይጠበቅበታል። አዋጁ የሚጠብቀው ባለመረጃውን ነው፤ መልቀቅዎ መብትዎን አያሳጣዎትም። ስለዚህ ለስቱዲዮው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የትኞቹን ወረቀቶቼን ይዛችኋል፣ የትኞቹ ወጡ፣ ለግብርና ለሕግ የማይፈለጉትን መቼ ታጠፋላችሁ? ሲያስገቡ ሁለተኛውን ቅጂ አስፈርመው ይያዙ። ካልመለሱልዎ ይህንኑ ቅጂ ይዘው ወደ ባለሥልጣኑ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ በሚገኝ ስቱዲዮ ኤዲተር ነኝ። ከእኛ ቤት በወጣው ፋይል ውስጥ የደመወዝ ዝርዝሩም ስላለበት፣ አጠገቤ ተቀምጦ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ባልደረባዬ የእኔን እጥፍ እንደሚከፈለው አወቅሁ። ፋይሉን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ብገባ ነውር ነው? ፋይሉን ለሌሎች የሥራ ባልደረቦቼስ ብልክላቸው?

መልስ፦ በዚህኛው ሁለት ልብ መሆኔን አልደብቅዎትም። ያዩትን እንዳላዩ ይሁኑ ማለት ቀልድ ይሆንብኛል፤ የተጎዱትም እርስዎ ነዎት።

ከሶኒው ስርቆት ከወጡት መካከል አንዱ ተዋናይት ጄኒፈር ሎውረንስ በአንድ ፊልም ከትርፉ 7 በመቶ ድርሻ ሲሰጣት ወንዶቹ ተዋንያን 9 በመቶ እንዳገኙ የሚያሳይ መልእክት ነበር። እርሷም ከአንድ ዓመት በኋላ ገደማ በጻፈችው ጽሑፍ የተናደደችው በስቱዲዮው ሳይሆን ድርድሩን ቶሎ በተወችው በራሷ እንደሆነ ገለጸች። ጽሑፉ በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ስለ ሴቶች ክፍያ ትልቅ ክርክር አስነሣ፤ ስለዚህ ከተሰረቀ ወረቀት መልካም ነገር አይወጣም ብዬ አልዋሽዎትም። ልብ ይበሉ ግን፣ እርሷ የጻፈችው ስለ ራሷ ክፍያ ነው።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ፋይሉን ይተዉና ባለፈው ዓመት ያቀናበሯቸውን ፊልሞችና ማስታወቂያዎች፣ ያደሩባቸውን ሌሊቶችና ሌላ ቦታ ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ይዘው ይግቡ፤ የሚጠይቁትን ቁጥር ቀድመው ይወስኑና ከእርሱ አይውረዱ። አለቃዎ ፋይሉ መውጣቱን ስለሚያውቅ እርስዎ ባያነሱትም ጠረጴዛው ላይ አለ። ፋይሉን ይዘው ከገቡ ግን ወሬው ስለ ደመወዝዎ መሆኑ ይቀርና «ይህንን ከየት አመጣኸው» ይሆናል።

ለሌሎች መላኩን ግን በፍጹም አልመክርም። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የባልደረባዎ የሂሳብ ቁጥርም አለ፤ ከላይ የጻፉት እህታችን ላይ የተደወለው እንዲህ ካለ ፋይል ነው። ወሬ ደግሞ በረደ ሲሉት ይነሳል። የሶኒ ሰዎች ነገሩ አለፈ ብለው ነበር፤ በወጡት ኢሜይሎች ምክንያት ይቅርታ የጠየቁት የስቱዲዮው ሊቀመንበር ኤሚ ፓስካልም በ2007 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ ላይ ከቦታቸው እንደሚለቁ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን ምስጢራዊ ሰነዶችን በኢንተርኔት የሚያወጣው ዊኪሊክስ ከ170 ሺህ በላይ ኢሜይሎችን ማንም ስም ጽፎ እንዲፈልግባቸው አድርጎ እንደገና ዘረጋቸው። አንድ ቦታ ላይ ተቀብሮ የነበረው ወረቀት ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱን የሚፈልግበት መዝገብ ሆነ። እርስዎ ለአሥር ሰው የላኩት ፋይል የት እንደሚያርፍ አያውቁም።

ጥያቄ፦ ሰበታ ላይ አነስተኛ የድምፅና የምስል ማቀናበሪያ ስቱዲዮ አለኝ። ሰርጎ ገቦች ፋይሎቼን ቆልፈው በክሪፕቶ ገንዘብ ካልከፈልክ የደንበኞችህን ፊልም እንለቀዋለን ብለውኛል። አሥራ አራት የቀድሞና የአሁን ሠራተኞች ወረቀትም እጃቸው ላይ ነው። ልክፈል?

መልስ፦ አይክፈሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሉኝ እንጂ፣ የፊልሞቹን ቅጂ ከኢንተርኔት ጋር ባልተገናኘ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ከሆነ ቢያንስ የመቆለፉ ነገር ግማሽ መፍትሔ አለው። የመልቀቁ ዛቻ ግን በገንዘብ አይገዛም፤ ለዚህም ከሶኒ ይልቅ ለእርስዎ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ላርሰን ስቱዲዮስ የሚባል፣ ሆሊውድ ውስጥ የፊልም ድምፅ የሚያቀናብር የቤተሰብ ድርጅት፣ በ2009 ዓ.ም. እንዲሁ ተያዘ፤ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር በኩል ነበር። ባለቤቶቹ የደንበኞቻቸውን ሥራ ለማዳን ብለው ለደንበኞቹ ሳይናገሩ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ቢትኮይን በተባለው ክሪፕቶ ገንዘብ ከፈሉ። ከወራት በኋላ ሌቦቹ ዞረው ከደንበኞቹ አንዱን፣ ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳየውን ኔትፍሊክስን፣ ገንዘብ ጠየቁ፤ እምቢ ሲላቸው ገና ያልታየውን ተከታታይ ድራማ 10 ክፍሎች ለቀቋቸው። ላርሰኖች ገንዘባቸውንም፣ ምስጢር መጠበቅ ይችላሉ መባልንም አጡ፤ ደንበኞቻቸውም መጀመሪያ ስላልተነገራቸው አዘኑ።

የተቆለፉትን ኮምፒውተሮች ከኔትወርክ ያላቅቁ፤ ፎርማት አያስደርጓቸው፣ ማስረጃ ናቸው። ድርጊቱ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ስለሆነ ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያመልክቱ፤ የ72 ሰዓቱን ግዴታዎንም አይርሱ። ፊልማቸው እርስዎ ዘንድ ላለ ፕሮዲዩሰሮች ዛሬውኑ ይደውሉ፤ ይቆጣሉ፣ ቢሆንም ከቴሌግራም ከሚሰሙት ከእርስዎ ይስሙት።

ከእነርሱም በፊት ግን አሥራ አራቱ ሠራተኞች ይቀድማሉ። የደመወዝ ዝርዝሩ ከተቆለፈብዎ ስልካቸው በስልክዎ ውስጥ አለ፤ አንድ በአንድ ይደውሉና የትኛው ወረቀታቸው እንደወጣ፣ ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰው ምንም ቁጥር እንዳያነቡ ይንገሯቸው። ስልካቸውን የቀየሩ ስለሚኖሩ የቀድሞዎቹን ማግኘት ጊዜ ይወስዳልና ከእነርሱ ይጀምሩ።