አራቱ ኤንጅልፊሾችህ ለምን ይጣላሉ?

ወንድሜ፣ ሌላውም እንዲከታተል ጥያቄህን አሳጥሬ ልድገመው። 160 ሊትር አኳሪየም አለህ። በውስጡ 8 ወር የሞላቸው 4 ኤንጅልፊሾች፣ 5 ታይገር ባርቦች፣ እንዲሁም 10 የነበሩና አሁን 6 የቀሩ ኒዮን ቴትራዎች አሉ። ሁለቱ ኤንጅልፊሾች የፊልተሩን ጥግ ይዘው ማንንም አላስጠጋ ብለዋል፤ አንደኛው ደግሞ ሂተሩ ጀርባ ተሸጉጦ መብላት አቁሟል። የምትጠይቀው «ክፉውን ዓሣ ላስወግደው ወይ?» ነው።

ክፉ ዓሣ የለህም፣ ጥንድ ነው ያለህ። ኤንጅልፊሽ ምንም ቢያምር ሲክሊድ ነው፤ ማለትም ክልሉን ከሚያስከብር የዓሣ ወገን ነው። ትንሽ ሳለ ከእኩዮቹ ጋር በመንጋ ይዋኛል፤ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ለመራባት ሲደርስ ግን አጣማሪ ይመርጥና ቦታ ይይዛል። ያን ጊዜ በክልሉ ያለፈ ሁሉ እንቁላል ሊበላ የመጣ ሌባ ይሆንበታል። ስትገዛቸው ሰላማዊ የነበሩት ዓሦች አሁን የተለወጡት ለዚህ ነው።

ግምቴን ራስህ ልታረጋግጠው ትችላለህ። ሁለቱ አንድን ቀጥ ያለ ነገር፣ ማለትም ሰፊ ቅጠል፣ የፊልተር ቱቦ፣ ሂተር ወይም መስታወቱን ራሱን፣ ደጋግመው በአፋቸው ሲያጸዱ ካየህ እንቁላል ሊጥሉ ነው። በዚያው ሰሞን ከሆዳቸው ሥር ትንሽ ቱቦ ብቅ ትላለች፤ የወንዱ ቀጭንና ሾጣጣ፣ የሴቷ ወፈር ያለና ጫፉ ደልደል ያለ ነው። ከዚህ ጊዜ ውጭ በግንባር ቅርጽ ጾታ እለያለሁ የሚልህን ብዙም አትመን። ሁለት ሴቶችም ተጣምረው እንቁላል ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ስለማይዳብር በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ይነጣና ይሻግታል።

ሁሉም ግጭት አያስደነግጥም። ክንፍ መዘርጋት፣ ስንጥብ መንፋት፣ ትንሽ አባርሮ መመለስ የዘወትር ሕይወታቸው ነው። አፍ ለአፍ ተያይዘው ለጥቂት ሰከንድ ቢጓተቱም ጉልበት እየተለካኩ ነው። የሚያሳስበው የተሸነፈው የሚሸሽበት ሲያጣ ነው። ክንፉን አጥፎ፣ ቀለሙ ጠቁሮ ወይም ገርጥቶ፣ ውሃው አናት ላይ ወይም ሂተር ጀርባ ቆሞ ምግብ እንቢ ካለ፣ ቁስል ባይታይበት እንኳ በጭንቀት እየደከመ ነው። ያንተው የደረሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ለነገ አትበለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተደብዳቢውን ብቻ አውጥቶ ዝም ሲል ነው። ሁለቱ እዚያው ካሉ ተራው ለአራተኛው ይደርሰዋል። ስለዚህ የሚወጣው ጥንዱ ነው። 80 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ቁመቱ 45 ሴንቲሜትር የሆነ ሌላ አኳሪየም ለሁለቱ ይበቃል፤ የስፖንጅ ፊልተር፣ ሂተርና እንቁላል የሚጥሉበት አንድ ቀጥ ያለ ነገር አግኝተው ብቻቸውን ይቀመጡ። የስፖንጁን ፊልተር አስቀድመህ በአሮጌው አኳሪየም ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ካላሠራኸው ቆሻሻቸውን የሚያጣራ ባክቴሪያ ስለማይኖረው አሞኒያ የሚባለው መርዝ ይነሳባቸዋል። እስከዚያ ድረስ ዋናውን አኳሪየም በቀዳዳ ፕላስቲክ ክፈለው። ፕላስቲኩ ከጠጠሩ በታች ይቀበር፣ ከውሃው በላይም ይውጣ፤ ዳር ላይ ክፍተት ከተገኘ ኤንጅልፊሽ ጠፍጣፋ ስለሆነ በማትገምተው ስንጥቅ ሾልኮ ይሄዳል፣ ወይም እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። ሂተሩ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሆን ሙቀቱን በሁለቱም በኩል ለካ።

ጥንዱ ከወጣ በኋላ የቀሩት ሁለቱ ሊስማሙ ይችላሉ፤ ካልተስማሙ አንዱን ብቻ አስቀር። አንድ ኤንጅልፊሽ ከሌሎች ዓሦች ጋር ደህና ይኖራል፣ «ብቻውን ይሰለቸዋል» ብለህ አትጨነቅ። መጥፎዎቹ ቁጥሮች 3 እና 4 ናቸው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ዱላው ሁሉ በቀሪው አንድ ወይም ሁለት ላይ ይወርዳል። በቡድን ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 200 ሊትርና 50 ሴንቲሜትር ቁመት ይዞ፣ እኩል መጠን ያላቸውን 6 ትንንሾች በአንድ ቀን ያስገባ። ጠቡ ለብዙ ስለሚከፋፈል አንዱ ብቻ አይጎዳም። ጥንድ ሲወጣ የሚያዛውርበትን ቦታ ግን ከመግዛቱ በፊት ያስብ።

ስለ አቀማመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ዓሦቹ እንዳይጣሉ ብሎ ከታች ድንጋይና ዋሻ የሚደረድር ብዙ ነው። ኤንጅልፊሽ የሚኖረው በመካከለኛው ውሃ ስለሆነ የታችኛው ዋሻ ምንም አይሠራለትም። የሚጠቅመው ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ የሚጋርድ ከፍ ያለ ነገር ነው፦ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት፣ እንደ ረጃጅም ቫሊስኔሪያና ሰፋፊ የአማዞን ሶርድ ያሉ የውሃ ተክሎች። አኳሪየሙን በእነዚህ ሁለት ሦስት ቦታ ከፈልከው ተባራሪው ጥግ ዞሮ ከዕይታ ይወጣል፣ አባራሪውም ይተወዋል። አዲስ ዓሣ ስትጨምር ወይም ለሳምንት አግልለህ ያቆየኸውን ኃይለኛ ስትመልስ መጀመሪያ ዕቃውን ሁሉ አዘዋውር፣ ያሉትን መግብ፣ ከዚያ መብራት አጥፍተህ አስገባ። ተክሉን አዛውሮ የፊልተሩን ቱቦ እዚያው የሚተው ሰው ግን በከንቱ ይደክማል፤ ጥጉን የያዙት ለዚያ ቱቦ ሲሉ ነው።

ውሃህ 28 ወይም 29 ዲግሪ ከሆነ በቀን ከ1 ዲግሪ ሳታስበልጥ ወደ 25 አውርደው፤ የመራባቱ ግለት ቀነስ ይላል። ምግብ በቀን 2 ጊዜ ጥቂት ጥቂት፣ በሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ ጣል። በየሳምንቱ 30 በመቶውን ውሃ ቀይር።

ወደ ሌሎቹ ዓሦች ልምጣ። ኒዮኖቹ አልጠፉም፣ ተበልተዋል። ኤንጅልፊሽ አፉ የቻለውን ይውጣል፤ ቀጭን ኒዮን ደግሞ በልኩ የተሠራ ጉርሻ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያልቁት መብራት ከጠፋ በኋላ ወይም ንጋት ላይ ስለሆነ ባለቤቱ አያይም። የቀሩትን 6 ወደ ሌላ ቦታ ውሰዳቸው። መንጋ ካስፈለገህ ደልደል ያለ አካል ያለው ሌመን ቴትራ ይሻላል። ከታች ደግሞ 6 ኮሪዶራስና አንድ ብሪስልኖዝ ፕሌኮ ይስማሙታል።

ታይገር ባርብ ግን ጠብ ያለሽ በዳቦ ነው። የኤንጅልፊሽን ረጅም ክንፍ እየነጨ ይውላል። ቁጥራቸውን 10 ብታደርስ እርስ በርሳቸው ይጠመዳሉ የሚል ምክር ትሰማለህ፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ እኔ ግን በኤንጅልፊሽ ክንፍ አልቆምርበትም። ሰርፔ ቴትራም ያው ነው። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚፈልግ፣ ቼሪ ሽሪምፕ ደግሞ ምግብ ስለሚሆን አይሆኑም።

አንድ የሚያሳስት ቁስል አለ። በኤንጅልፊሹ ጎን ላይ ክብ፣ ነጣ ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ቦታ ካየህ በጠብ የመጣ ነው ብለህ አትፍረድ። ትልልቅ ተራ ፕሌኮና የቻይና አልጌ በሊታ ሌሊት በዚያ ሰፊ ጎን ላይ ተጣብቀው ልጋጉን ይልሳሉ። መብራት ካጠፋህ ከ1 ሰዓት በኋላ ደብዘዝ ባለ ባትሪ ብታይ ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ ትይዘዋለህ።

ጥንዱ ሳይወጣ እንቁላል ከጣለ፣ እንቁላሉ በ2 ወይም 3 ቀን ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ ለመዋኘት 5 ቀን ያህል ይጨምራሉ። ጥበቃው የሚከፋው በዚያ ሳምንት ስለሆነ በመረብ እያሳደድክ አታተራምሳቸው፤ ሌሎቹን ከመከፋፈያው ማዶ አድርጋቸው። እንቁላሉን ፍቆ መጣልም አያበርድም፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ እንደገና ይጥላሉ። ዛሬ ማታ ግን ከሁሉ በፊት ባርቦቹን አውጣ፣ መከፋፈያውን አስገባ። ያ ሂተር ጀርባ ያለው ዓሣ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ምግብ ካልነካ የውሃህን የአሞኒያና የናይትራይት (ሁለቱም ከቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ናቸው) ልኬት ይዘህ እዚሁ ሥር ጻፍልኝ።