«ሐበሻ አትመስልም» ከተባለች ወዲህ ልጄ ተቀየረችብኝ

ጥያቄ፦

ሰላም ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። በቅርቡ አንድ ክርስትና ላይ አክስቴ ልጄን አየት አደረጉና «ይቺማ አባቷን ነው የወጣችው፣ ምኗም ሐበሻ አይመስልም» አሉ። ልጄ አማርኛ ባትናገርም ትሰማለች። እኔ ነገር እንዳይካረር ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት «አልሄድም» ብላለች። የሐበሻ ቀሚሷንም አትለብስም። ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ሲባሉ «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፋ መጣች። እናቴ በስልክ «ለምን አታናግረኝም?» እያሉ ያዝናሉ። ባለቤቴ «ተያት፣ ሲገባት ትመጣለች» ይላል። ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ስለ ቅዳሜው ትምህርት ከማውራታችን በፊት ግን ወደ ክርስትናው ልመልስሽ። ልጅሽ የተጣላችው ከአማርኛ ጋር አይመስለኝም።

ያን ቀን ልጅሽ ሁለት ነገር ሰማች። አንደኛው የአክስትሽ ንግግር ነው። «አባቷን ነው የወጣችው» ሲባል የምትወደው አባቷ እንደ ጉድለት ተቆጠረባት። ሁለተኛው ያንቺ ዝምታ ነው። አንቺ ዝም ያልሽው ለሰላም ብለሽ ነው። የ9 ዓመት ልጅ ግን ይህን አታውቅም። «እማዬም እንደዚያ ታስባለች ማለት ነው» ብላ ልትደመድም ትችላለች። ታዲያ «የኛ አይደለሽም» ወደተባለበት ቤት ማን ደስ ብሎት ይመለሳል? ቀሚሱም ትምህርቱም የዚያ ቤት ዕቃ ሆነውባታል።

ስለዚህ መጀመሪያ እሷን አናግሪያት። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይሁን፤ ልጆች እንደዚያ ሲሆን ይጨነቃሉ። ፀጉሯን ስትሠሪላት ወይም መኪና ውስጥ ይሻላል። እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን ስለ አንቺ የተባለው ልክ አልነበረም። እዚያው መናገር ነበረብኝ፣ ሳልናገር ቀረሁ፤ ይቅርታ። አንቺ የእኔም የአባትሽም ልጅ ነሽ። ይህን ለማንም ማስረዳት የለብሽም።» ከዚያ ዝም በይ። ካለቀሰች እቀፊያት። «እሺ» ብላ ስለ ሌላ ነገር ካወራችም አትጎትቻት፤ የሰማችውን ሰምታለች።

ቀጥሎ አክስትሽ አሉ። ታላቅን በሰው ፊት ማረም እኛ ዘንድ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ለብቻቸው ደውይላቸው። «እትዬ፣ ልጄ አማርኛ ትሰማለች። ያሉት ነገር ልቧን ነክቷታል። ሁለተኛ እንዳይሏት እለምንዎታለሁ» በያቸው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይህን የሚናገሩት ለክፋት አይደለም። «ማንን መሰለች?» ማለት የለመድነው ወሬ ነው። ልጅቷ እንደገባት ሲያውቁ ይደነግጣሉ፤ በሚቀጥለው ስትመጣ ስመው የሚመርቁም አሉ። ከደገሙት ግን ልጅሽ እየሰማች እዚያው መልሺ። «እትዬ፣ እንደዚህ አይበሏት» ማለት ይበቃል፤ ጠብ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ «ቀይ ናት፣ ጠይም ናት፣ ፀጉሯ እንዲህ ነው» የሚለውን ወሬ ከራስሽም ቤት ብታስወጪው ደስ ይለኛል። ልጆች በዚህ ወሬ ራሳቸውን ይለካሉ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ቅዳሜን ለጊዜው አታስገድጃት። በግድ የተማረችው ፊደል ይባስ ብሎ ከቋንቋው ያርቃታል። አማርኛው ግን በእናትሽ በኩል ሊመለስ ይችላል። በአትላንታው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ልጆችን ስለ ቤተሰባቸው 20 ጥያቄ ጠይቀው ነበር። አያቶችሽ የት አደጉ? እናትና አባትሽ እንዴት ተገናኙ? እንደዚህ ዓይነት ነገር ነው። የቤተሰባቸውን ታሪክ በደንብ የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው ላይ ያላቸው ግምትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ መልሱን በቃል ከመያዝ የሚመጣ አይደለም፤ ተቀምጦ የሚያወራ ቤተሰብ ስላላቸው ነው።

እናትሽ ሲደውሉ ልጅሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቅ። «እማማ፣ እናቴ ልጅ እያለች ምን ታጠፋ ነበር?» በሚለው እንድትጀምር እመክራለሁ፤ ይህን የማይወድ ልጅ አላየሁም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ታጥናት፣ ከመልሱ ያልገባትን አንቺ ተርጉሚላት። እናትሽንም «ለምን አማርኛ አትችይም?» እንዳይሏት ቀድመሽ ንገሪያቸው።

«አሜሪካዊ ነኝ» ማለቷ አያስደንግጥሽ። እውነቷን ነው፣ ኑሮዋ እዚያ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጆች ከጓደኞቻቸው መለየት ይከብዳቸዋል። በ14 ዓመቷ ሌላ ልትል ትችላለች። አንዱን እንድትመርጥ ብቻ አትጠይቂያት። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ እንኳ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ከአንድ በላይ ዘር እንዲመርጥ ፈቅዷል።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። ስለ ባለቤትሽ ወገን ምንም የለበትም። ቅዳሜ የአማርኛ ነው፤ ስፓኒሹስ መቼ ነው? የአባቷን እናት ታውቃቸዋለች? ባለቤትሽ «ተያት» የሚለው ግድ ሳይሰጠው ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የእሱ ነገር ቤታችሁ ውስጥ ቦታ ስላላገኘ ይሆናል። ጠይቂው። በአባቷ ማፈር የጀመረች ልጅ በእናቷ ልትኮራ ይከብዳታል።

የሁለታችሁ አገሮች ደግሞ የሚገናኙበት ብዙ ነው። ኤል ሳልቫዶር ከ1980 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። እኛ ዘንድ ደርግ የወደቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ላይ ብዙ ሳልቫዶራዊና ብዙ ሐበሻ ጎን ለጎን የሰፈረው በዚያው ዘመን፣ ከጦርነትና ከጭቆና ሸሽቶ ነው። ይህን ለልጅ በሚሆን መጠን ንገሯት። ቡናም አለ። አረቢካ ቡና ከኢትዮጵያ ጫካ የተነሣ ነው፤ ኤል ሳልቫዶር ደግሞ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የኖረችው በቡና ነው። አንድ እሑድ የኤል ሳልቫዶር ጥሬ ቡና ገዝተሽ በራስሽ ምጣድ ቁዪው። ባለቤትሽ ከዘመዶቹ ቡና የለቀመ ካለ ያውራ። ልጅሽ ፈንዲሻውን ታዙር፣ ስኒውን ከትልቅ ሰው ጀምራ ታድርስ። ተመልካች ሆና አትቀመጥ፤ ሥራ ስጫት።

እንቁጣጣሽ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል። ኤል ሳልቫዶር የነፃነት ቀኗን የምታከብረው ሴፕቴምበር 15 ነው። መካከላቸው አራት ቀን ብቻ! መጀመሪያ ዶሮ ወጥ፣ ከዚያ ፑፑሳ፣ ውስጡ የሚሞላው የኤል ሳልቫዶር ቂጣ። ሊጡን ከአባቷ ጋር በመዳፏ እያጨበጨበች ትጠፍጥፈው፣ ባቄላውንና አይቡን እሷ ትሙላው። አንድ ጓደኛዋን ትጥራ። ምን እንደምትለብስ ራሷ ትወስን፤ ቀሚሱን አንቺ አታንሺባት።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ቆዳዋን ወይም ፀጉሯን እንደምትጠላ ከነገረችሽ፣ ትምህርት ቤት መሄድ ካስጠላት፣ ወይም እንቅልፏና ምግቧ ተዛብቶ ሳምንታት ከቆየ፣ የትምህርት ቤቷን አማካሪ ወይም የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ አናግሪ። ከባለቤትሽ ጋር አብራችሁ ሂዱ።