መልስ፦ በሠራተኛ ቅነሳ ለተሰናበተ ሰው የሚገባው ክፍያ
ውድ ጠያቂ፣ ከግል ድርጅት ከ4 ዓመት አገልግሎት በኋላ በሠራተኛ ቅነሳ መሰናበትዎን ገልጸው፣ የሥራ አጥነት አበል ከየት እንደሚገኝ ጠይቀዋል። በአገራችን መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው እንዲህ ያለ አበል የለም፤ ያለው ከአሠሪው የሚጠየቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ለጡረታ ካልደረሱ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚሁ አንድ ሦስተኛ እየታከለበት ስለሚታሰብ፣ የእርስዎ የስንብት ክፍያ የ60 ቀን ደመወዝ ይሆናል። ምክንያቱ ቅነሳ በመሆኑ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ሂሳቡ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል ያለበት ሲሆን፣ «ቀሪ ሂሳብ የለኝም» የሚል ወረቀት ቢቀርብልዎ ሦስቱን ለየብቻ ሳያሰሉ አይፈርሙ።